ዞሮ ዞሮ ከፏፏቴው

ልጅ ይዞ በእግር የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ልጅ ሲሄድ አይደክመውም፣ የሚደክመው ሲመለስ ነው። በመጣበት መንገድ መልሱት ሲባል ጀርባ ላይ ካልወጣሁ ይላል፣ ጫማዬ ነከሰኝ ይላል፣ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። የዛለው ግን እግሩ አይመስለኝም። ያንን ድንጋይ ቅድም ዘሎታል፣ ያንን ግንድ ቅድም ወጥቶበታል፤ ከእንግዲህ ምን ቀረው? ስለዚህ ለቤተሰብ ጉዞ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ሳይሆን "በሌላ መንገድ ይመልሳል ወይ?" የሚለው ነው ባይ ነኝ። ዞሮ ከተነሣበት የሚገጥም መንገድ ከተገኘ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ "ገና ነው?" ለሚል ልጅ "ትንሽ ነው የቀረን፣ ስማው፣ ይጮኻል!" የሚያሰኝ ፏፏቴ ካለ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

በአገራችን እንዲህ ያለው መንገድ ቁንጮው ጢስ ዓባይ ነው። ዕድሜው የፈቀደለት አንባቢ በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ያውቀዋል፤ ብሩ ሳንቲም ሳይሆን በፊት ፏፏቴው በየኪሳችን ነበር። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱም ራሱን የቻለ ዙር ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን መውጣት፣ ፏፏቴውን ከፊት ለፊት ማየት፣ ተንጠልጣዩን ድልድይ አልፎ ወደ ሥሩ መጠጋት፣ ከዚያ ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማው መመለስ። አንድም ቦታ ሁለት ጊዜ አይረገጥም። ታዲያ ክረምቱ እንዳለቀ ሂዱ። ወደ 45 ሜትር ከሚጠጋ ገደል የሚወርደው ውኃ በበጋ ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ፣ በተለይ ሁለተኛው ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ያለ ወቅቱ የሄደ ሰው ጢሱን ሳያይ ዐለቱን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ነገር ግን እኔ የምኖረው ከቆሼ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። ለአንድ እሑድ አይሆንም። የዛሬው ወሬዬ ከእኛ ሰፈር በጠዋት ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ ለማታ ቡና ቤት ስለሚያደርሰው መንገድ ነው፤ ስለ መናገሻ ሱባ ደን።

በቅድሚያ ስለ ሰፈራችን ልጆች ልንገራችሁ። የእኛ ልጆች ተፈጥሮን አያውቁም ማለት ስም ማጥፋት ነው። ወፍ ያውቃሉ፤ አባ ኮዳን፣ ጥንብ አንሳን፣ ቁራን ከነአረማመዳቸው ለይተው ያስመስሉላችኋል፤ ቆሻሻው ላይ ሲዞሩ እያዩ ነው ያደጉት። ወንዝም ያውቃሉ፤ ድልድይ ላይ ሲደርሱ አፍንጫ የሚያዝበት ነገር ነው። ተራራም ያውቃሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የተናደው፣ ከ110 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው የቀበረው የቆሻሻ ክምር ለእነሱ ተራራ ነበር። "ተራራው ተናደ" ነበር ያሉት፤ ያረማቸውም ሰው አልነበረም።

የሱባ ሐሳብ የመጣው ከቡና ላይ ነው። ከጎረቤቶቼ አንዷ በቴሌቪዥን ወጣቶች ሻንጣ አዝለው ጫካ ሲያቋርጡ አይታ "ይሄ ሃይኪንግ የሚሉት ነገር ለእኛ ክልክል ነው?" አለች። ነገሩ ልክ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ከከተማው በአውቶቡስ እየተጫኑ የሚወጡ ተጓዦች በዝተዋል፤ ገንዘቡን ስናሰላው ግን ሦስት ልጅ ላለው ቤት የሚቀመስ አልሆነም። ያን ጊዜ ሌላዋ ጎረቤቴ "ለሠርግና ለለቅሶ መኪና የሚኮናተር ሰፈር ለጫካ መኮናተር ያቅተዋል?" ስትል ነገሩ አለቀ። አንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ ተኮናተርን፤ ዘጠኝ ትልልቅ ሰዎች፣ ዐሥራ አራት ልጆች። ሒሳቡ ለየቤቱ ሲካፈል አንድ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት ኬክ ቤት ገብቶ ከሚከፍለው አልበለጠም።

ስንቅ ላይ ትንሽ ተከራክረን ነበር። ዶሮ ወጥ በሳሕን ጠቅልለው ሊያመጡ ያሰቡ እናቶች ነበሩ፤ ስሜታቸው ይገባኛል፣ መንገዱ ግን አይገባውም። ወጥ ይደፋል፣ ያሸታል፣ ዝንጀሮ ይጠራል። የተስማማንበት ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ቆሎና በሶ ነው። በሶው በማር ተለውሶ በቡጢ በቡጢ ተጨብጦ ነበር፤ ዳገት መሐል ላይ ለዛለ ልጅ እንደ እሱ ያለ መድኃኒት አላየሁም። ውኃ ለእያንዳንዱ ሰው ከየቤቱ፤ የጫካው ጅረት ቢያምርም ከላይ ከብት ይጠጣበታልና አልቅቱም ሌላውም አይታወቅም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቆሼ ተነሣን። መንገዱ በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ ያደርሳል፤ እስከዚያ ድረስ አስፋልት ነው። ከሰበታ ወደ ቀኝ ታጥፎ ሽቅብ የሚወስደው ግን የአፈር መንገድ ነው፤ በክረምት ጭቃው አይሞከርም፣ በበጋም ያንገጫግጫል። ሾፌራችን ሦስት ጊዜ "ለሠርግ ብላችሁኝ አይደለም እንዴ?" እያለ አማረረ። ልጆቹ ግን ከጉዞው ሁሉ ይቺን ነው የወደዱት፤ በተዘለለ ቁጥር እልል ይሉ ነበር።

ደኑ የሚጠበቀው በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጋ መግቢያ ይከፈላል፣ አስጎብኚም ይገኛል። "መንገዱ ግልጽ ነው፣ ምን ያደርግልናል" የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ልጅ ይዛችሁ ያለ አስጎብኚ አትግቡ እላለሁ። መንገዱ እየተከፋፈለ ይሄዳል፤ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ የተሳሳተውን ነው የሚመርጠው። የእኛ አስጎብኚ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ በአማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛቸው ደስ በሚል ዜማ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ልጆቹን ቆጠሩና "ዳገቱን ጠዋት እንጨርስ፣ ውኃውን ቁልቁል ስንመለስ እናገኘዋለን" አሉን። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይቺን ያዙ። ፏፏቴውን መጀመሪያ ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ አይራመድላችሁም።

ስለ ደኑ የሚነገረው ታሪክ ለልጆች ይጥማል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከአፍሪካ ቀደምት ጥብቅ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። በኋላ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ ለማገዶ ፈጅታ፣ ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዞር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር፤ ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያ ሁሉ ማገዶ ሲለቀም ይህ ደን ተጠብቆ መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ትልቁ ልጄ "ንጉሡ ራሳቸው ቆፈሩ?" ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው ሳቁ። "ንጉሥ ያዛል፤ የሚቆፍረው ያው እኛ ነን።"

ጥዶቹን ሳታዩ ጥድ አየሁ አትበሉ። እኛ ጥድ የምንለው ብዙውን ጊዜ የግቢ አጥር የሆነውን የፈረንጅ ጥድ ነው። የአገሩ ጥድ ግንዱ ለሦስት ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንኳ አልሞላ ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ገመድ የሚላጥ፣ ቀና ብለው ሲያዩት ነጠላ የሚያስጥል ነው። መሐል ለመሐል ወይራው አለ፤ ትንሿ ልጄ ቅርንጫፉን አሽትታ "የአያቴ ቅል ይሸታል" አለች። እናቴ የወተቱን ዕቃ በወይራ ነው የምታጥነው። ከፍ ሲባል ኮሶ ይመጣል፤ ቀላ ያለ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል። ያባቶቻችን የሆድ መድኃኒት እሱ እንደነበር፣ ምሬቱም ፊት እንደሚያጣምም ስነግራቸው ካልቀመስን ብለው አስቸገሩኝ። (አላስቀመስኳቸውም። ኮሶ ጨዋታ አይደለም።)

እንስሳ ለማየት ዝምታ ይጠይቃል፤ ዐሥራ አራት ልጅ ደግሞ ዝም አይልም። ሆኖም ጉሬዛዎቹ እኛን ለማየት ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስበው ጠበቁን፤ ያንን ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ልጆቹ ያለ ተቆጪ ዝም አሉ። አንድ ድኩላ በጨረፍታ አየን፤ ጠቆር ያለው፣ በምኒልክ ስም የሚጠራው ዓይነት ነው አሉን። ክንፉ ሲዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ የሚያሳይ ሶረንም በላያችን አለፈ። ከልጆቹ አንዱ "ይሄኛው ቆሻሻ አይበላም?" አለ። አይበላም፤ የዛፍ ፍሬ ነው ምግቡ። ሲነገረው በጥርጣሬ ነው የሰማው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልምጣ። መጋቢት 2009 ሲሆን የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ለጉዞው ስንወጣ ስምንት ሞልቶት ነበር። የእነሱ ቤት አልተነካም፤ አብሮት ይጫወት የነበረ ልጅ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልታየም። እናቱ እንደነገረችኝ ዝናብ ሲበረታ ዛሬም አልጋው ሥር ይገባል። እንግዲህ ዳገቱ ሊጀመር ሲል፣ መንገዱ የተራራውን ጎን ቆርጦ በሚያልፍበት፣ አፈሩ በአንድ ወገን ከራሳችን በላይ ቆሞ በሚታይበት ቦታ ላይ ልጁ ቆመ። ሌሎቹ አለፉ፣ እሱ አላለፈም። እናቱ እጁን ሳበችው፣ አልተንቀሳቀሰም። ቀና ብሎ አየና አስጎብኚውን "ጋሼ፣ ይሄ ይናዳል?" አላቸው።

ትልልቆቹ ሁላችንም የምንለው ጠፋን። "አይናድም" ማለት ለአፍ ይቀላል፤ ግን ያንኛውም አይናድም ተብሎ ነበር ሰው ሥሩ ይኖር የነበረው። አስጎብኚው አልቸኮሉም። ከየት ሰፈር እንደመጣን ያውቃሉ፤ መዝገቡ ላይ ስንጽፍ አይተዋል። ተንበርከክ አሉና ከተቆረጠው አፈር ወጥቶ እንደ ገመድ የተጋደመ አንድ ሥር አሳዩት።

"ይቺን ሳብ እስቲ።"

ሳበ። አልመጣም።

"በሁለት እጅህ።"

በሁለት እጁ፣ እግሩን አፈሩ ላይ ተክሎ ሳበ። ትንሿ ልጄና ሌላ አንድ ልጅ ተመልሰው ወገቡን ይዘው አገዙት፤ ሦስቱም ተንሸራተው ወደቁ።

"ተራራውን የያዘው ይሄ ነው። እኔ ልጅ ሆኜም ስቤዋለሁ፣ አልመጣም" አሉት።

ልጁ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ አለፈ። ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ያላየው ሥር አልነበረም፤ በእያንዳንዱ ላይ እየቆመ ይስባል፣ "ይሄም አልመጣም!" እያለ ለእናቱ ይጮኻል። መንገዳችን በዚህ የተነሣ ግማሽ ሰዓት ረዘመ። ማንም አልተቆጣውም። እውነቱም ከሰውየው ጋር ነው፤ ወጨጫ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ፣ ጫፉ ከ3300 ሜትር በላይ የሚደርስ ዐለት ነው፤ ላዩን ያለውን አፈር ደግሞ የዛፍ ሥር ጠፍሮ ይዞታል። ቆሼ ግን ሥርም ዐለትም የሌለው፣ ከ50 ዓመት በላይ የአንድ ከተማ ጥራጊ ልቅ ሆኖ የተቆለለበት ነበር። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚያ ሥር የተሻለ የሚያስረዳ መምህር እንጃ።

ፏፏቴው ሳይታይ ነው የሚሰማው። ቁልቁለቱን ጀምረን ትንሽ እንደሄድን ነፋስ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ልጆቹ ሩጫ ሊጀምሩ ሲሉ አስጎብኚው በዱላቸው መንገዱን ዘጉት። ድንጋዩ ሽበት አብቅሎ ያንሸራትታል፤ ጉዳት የሚደርሰው ዳገቱ ላይ ሳይሆን እዚህ፣ ደስታው ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት እጃቸው ተያዘ፤ ከፏፏቴው በላይ ወዳለው ገደል መውጣት ለሁሉም ተከለከለ። ደርሰን ስናየው ከጢስ ዓባይ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በዛፍ ጥላ ውስጥ ከዐለት ላይ የሚወርድ ነጭ ውኃ ነው። ግን ቅርብ ነው። ፊትን ያረጥባል፤ እጅ ሲነክሩት እስከ ክርን ያቃጥላል፣ ከቅዝቃዜው። ጫማ ወልቆ እግር ተነከረ፣ ድንቹ ተላጠ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል "ገና ነው?" የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ትንሿ ልጄ እፍኟን ሞልታ አሸተተችውና "እማዬ፣ ይሄ ወንዝ ለምን አይሸትም?" አለችኝ።

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቀዘቀዘ። ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ፤ በሰፈራችን በኩል አፍንጫችንን ይዘን የምንሻገረው ውኃ የሚገባበት ትንሹ አቃቂ ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም፤ ምንጩ ከዚሁ ከወጨጫ ጎን ነው። እዚያ ሲወለድ እንዲህ ነው። ቁልቁል ወርዶ ከተማ ሲገባ ነው ፋብሪካውም፣ ሽንት ቤቱም፣ ፌስታሉም የሚጨመርበት፤ እንደዚያው ሆኖ አባ ሳሙኤል ድረስ ይወርዳል። ትንሽ አሰበችና "ታዲያ እዚህ ላይ ሆነን አትሂድ ብንለውስ?" አለች። እኔ ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ወንድሟ ግን ወደ ውኃው ዞሮ "አትሂድ!" ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ተከተሉት። ዐሥራ አራት ልጅ ፏፏቴን አትሂድ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከፏፏቴው ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚመልሰው መንገድ በሌላ በኩል ነው፤ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው፣ ጥላ አለው። አንዱ ልጅ ሳማ ውስጥ ገባና ቁርጭምጭሚቱን ለበለበው፤ እናቱ በቀዝቃዛ ውኃ አጠበችለት፣ አለፈለት። ረጅም ሱሪና ካልሲ ያልኩት ለዚህ ነው። ነጠላ ጫማ በፍጹም፤ ያረጀም ቢሆን ሸራ ጫማ ይበልጣል። ዙሩን በሙሉ፣ ዕረፍቱንና ሥር መሳቡን ጨምሮ፣ አራት ሰዓት ተኩል ፈጅተንበታል፤ ያለ ልጅ የሄደ በግማሹ ይጨርሰዋል። ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከመስቀል ወዲህ እስከ ኅዳር ነው፤ መንገዱ ይደርቃል፣ ውኃው ገና ብርቱ ነው። የካቲት ላይ ከሄዳችሁ ጫካው ያው ነው፣ ፏፏቴው ግን ይሳሳል። ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሁኔታና የመንገዱን ነገር ሰበታ ያለ ሰው አስጠይቁ፤ ሾፌሩንም ለሠርግ ነው አትበሉት።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ፌስታሉ። ቆሻሻችንን ጫካ ውስጥ አንጥልም ብለን ስለተማማልን የእንቁላል ቅርፊቱ፣ የውኃ ጠርሙሱ፣ የሙዝ ልጣጩ ሁሉ በአንድ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ታጭቆ መኪና ላይ ተጫነ፤ ተሸካሚው ያ የጎረቤቴ ልጅ ነበር። ሰበታን አልፈን ዓለም ገና ስንቃረብ ፌስታሉን እግሩ መሐል አድርጎ እናቱን ጠየቃት።

"ይሄን የት ነው የምንጥለው?"

"ሰፈር ስንደርስ ገንዳው ውስጥ።"

"ከገንዳውስ የት ይሄዳል?"

መኪናው ውስጥ ያለን ትልልቆች ተያየን። እናቱ መልስ ስትፈልግ እሱ ራሱ አገኘው፤ "ወደ እኛው ነዋ!" ብሎ ሳቀና ፌስታሉን ሁለት ጊዜ ቋጠረው።